ድምፅ መስጠትና ለድምፅ መታዘዝ፤ በ1954 የተደረገው የምሥራቅ ቤንጋል የምክር ቤት ምርጫ

የምርጫን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት ማን አሸነፈ፣ በስንትስ ድምፅ አሸነፈ በሚለው ላይ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከቆጠራው በኋላ የሆነውን ጭምር ለመመርመር አስበናል። ምርጫ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሕዝቡ ድምፁን መስጠቱ ሲሆን ሁለተኛው ሥልጣን የያዙት ሰዎች ለተሰጠው ድምፅ መታዘዛቸው ነው። የመጀመሪያው ተፈጽሞ ሁለተኛው ሲቀር ምን እንደሚከተል ለማየት፣ በፓኪስታን ምሥራቃዊ ጠቅላይ ግዛት፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በሚባለው አገር፣ በ1954 የተደረገው ምርጫ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ አግኝተነዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

የጠቅላይ ግዛቱ ሁኔታ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አስቀድመን የአገሩን አቋም እንመልከት። በኦገስት 1947 የብሪታንያ ሕንድ ለሁለት ስትከፈል ፓኪስታን የተባለው አዲስ መንግሥት የቆመው በሁለት የተራራቁ ክፍሎች ነበር። በምዕራቡና በምሥራቁ መካከል 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የሕንድ መሬት ይገኝ ነበር። ዋና ከተማው ካራቺ በምዕራቡ ክፍል ሲሆን ምሥራቅ ቤንጋል የተባለው ጠቅላይ ግዛት ደግሞ መቀመጫው ዳካ ነበር። በ1951 በተደረገው ቆጠራ የምሥራቅ ቤንጋል ሕዝብ 42 ሚሊዮን ያህል ነበር። ይህም ከጠቅላላው የፓኪስታን ሕዝብ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ የማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የጦር ሠራዊቱ ማዘዣና ከፍተኛዎቹ ሹማምንት በብዛት የሚገኙት በምዕራብ ነበር። ሁለቱን ክፍሎች የሚያስተሳስራቸው ሃይማኖት ሲሆን በቋንቋ፣ በአለባበስ፣ በምግብና በአየር ንብረት ግን የተለያዩ ነበሩ።

ፓኪስታንን ያቋቋመው ሙስሊም ሊግ የተባለው ፓርቲ ነው። የቤንጋል ሙስሊሞችም በ1946 በተደረገው ምርጫ ድምፃቸውን በሙሉ ልብ የሰጡት ለዚሁ ፓርቲ ነበር። እንዲህ ያለ ሥር የነበረው ፓርቲ በስምንት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከጠቅላይ ግዛቱ እንዴት ተነቅሎ ወጣ? እኛ ምክንያቶቹን በሦስት ከፍለን እናያቸዋለን።

የመጀመሪያው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የመንግሥቱ መሥራች መሐመድ ዓሊ ጂና በማርች 1948 ወደ ዳካ መጥተው የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን ተናገሩ። ከአገሩ ሕዝብ የሚበዛው ክፍል የሚናገረው ቤንጋሊኛ በመሆኑ ንግግሩ በተለይ በተማሪዎች ዘንድ ከባድ ቅሬታ አስከተለ። በጃንዋሪ 1952 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኽዋጃ ናዚሙዲን ያንኑ ቃል በዳካ ደገሙት። የዳካ ተማሪዎች የወጣውን የስብሰባ ክልከላ ተላልፈው ፌብሩዋሪ 21 ቀን በሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ተኩስ ከፍቶ ከመካከላቸው ሰዎች ሞቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቋንቋ በቤንጋል የጽሕፈት ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የደም ጉዳይ ሆነ።

ሁለተኛው የኑሮ ጉዳይ ነው። ለጆንያ መሥሪያ የሚሆነው ጁት የተባለው የቃጫ ተክል በብዛት የሚበቅለው በምሥራቅ ቤንጋል ሲሆን ለፓኪስታን የውጭ ገንዘብ ከሚያስገኙት ሸቀጦች ዋነኛው እርሱ ነበር። የቤንጋል ሰዎች ግን ከጁት የሚገኘው ገንዘብ ምዕራቡን ያለማል እያሉ ያማርሩ ነበር። በ1951 የጨው ዋጋ እጅግ ናረ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከፍ ብሎ የነበረው የጁት ዋጋ ደግሞ በ1952 ወደቀ። በመሆኑም ገበሬው ሲሸጥ ረክሶበት፣ ሲገዛ ተወዶበት ከሁለት በኩል ተጎዳ።

ሦስተኛው፣ እኛም ከሁሉ ይልቅ የምናተኩርበት፣ ገዢው ፓርቲ ምርጫን መፍራቱ ነው። በ1949 በታንጋይል የማሟያ ምርጫ ተደርጎ የሙስሊም ሊግ እጩ ሻምሱል ሐቅ በተባለ ወጣት ተሸነፈ። ከዚህ በኋላ መንግሥት በሞት ወይም በሌላ ምክንያት ባዶ የሆኑትን ወንበሮች በማሟያ ምርጫ ከመሙላት ይልቅ ባዶ እንደሆኑ ማቆየትን መረጠ። በ1946 የተመረጠው ምክር ቤት ዘመኑ በ1953 ሲያበቃም በአንድ ዓመት ተራዘመ። የሕዝብን ፍርድ በቀጠሮ ማዘግየት ይቻላል፤ ቀጠሮው በረዘመ መጠን ግን ፍርዱ እየከበደ እንደሚሄድ ኋላ የሆነው ነገር ያስረዳል።

የኅብረት ግንባር መቋቋም

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ዲሴምበር 4 ቀን 1953 የሊጉ ተቃዋሚዎች የኅብረት ግንባር የተባለውን አቋቋሙ። በግንባሩ ውስጥ የነበሩት ፓርቲዎች በአሳብም በአመጣጥም የተለያዩ ነበሩ። በ1949 የተመሠረተው አዋሚ ሙስሊም ሊግ፣ የገበሬዎችና የሠራተኞች ፓርቲ፣ የሃይማኖት ሊቃውንት የሚመሩት ኒዛመ ኢስላምና ወደ ግራ የሚያዘነብለው ጋናታንትሪ ዳል አንድ ላይ ተሰለፉ። መሪዎቹም ሦስት ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። አቡል ቃሲም ፈዝሉል ሐቅ ከ1937 እስከ 1943 የቤንጋል ዋና ሚኒስትር የነበሩ፣ በ1940 በላሆር ከተማ ለሙስሊሞች ራሳቸውን የቻሉ ግዛቶች እንዲቋቋሙ የሚጠይቀውን ውሳኔ በጉባኤ ፊት ያቀረቡ፣ ሕዝቡም የቤንጋል ነብር ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁሴን ሻሂድ ሱህራዋርዲ ቤንጋል ከመከፈሏ በፊት የመጨረሻው ዋና ሚኒስትር ነበሩ። መውላና አብዱል ሐሚድ ባሻኒ ደግሞ በገበሬው ዘንድ የተወደዱ መሪ ነበሩ።

ግንባሩ ለሕዝብ ያቀረበው ፕሮግራም 21 ነጥቦች ነበሩት። ቁጥሩም የፌብሩዋሪ 21ን ሙታን ለማሰብ የተመረጠ ነው። ቤንጋሊኛ ከመንግሥቱ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን፣ የዘሚንዳሮች ባለ ርስትነት ያለ ካሣ ተሽሮ ትርፍ መሬት መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች እንዲከፋፈል፣ የጁት ንግድ በመንግሥት እጅ እንዲገባ፣ ከመከላከያ፣ ከውጭ ጉዳይና ከገንዘብ በቀር ሥልጣን ሁሉ ለጠቅላይ ግዛቱ እንዲሰጥ የሚጠይቁ ነጥቦች ነበሩበት። እነዚህን ብዙ ጸሐፊዎች ያነሷቸዋል። እኛ ግን አንባቢ የመጨረሻዎቹን ነጥቦች እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። ግንባሩ የምክር ቤቱን ዘመን በምንም ምክንያት እንደማያራዝም፣ ምርጫ ሊደረግ ስድስት ወር ሲቀረው ሚኒስትሮቹ ሥልጣን እንደሚለቁ፣ ባዶ የሆነ ወንበር በሦስት ወር ውስጥ በምርጫ እንደሚሞላ፣ በተከታታይ ሦስት የማሟያ ምርጫዎች ቢሸነፍም በፈቃዱ ሥልጣኑን እንደሚያስረክብ ቃል ገባ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የቤንጋል ሰዎች የጠየቁት መሬትና ቋንቋ ብቻ አልነበረም። ሥልጣን የያዘ ሰው ሥልጣኑን የሚለቅበት ቀን የታወቀ እንዲሆን ጭምር ነበር የጠየቁት።

ድምፅ የተሰጠበት ሳምንት

ምርጫው የተደረገው ከማርች 8 እስከ 12 ቀን 1954 ነው። በብሪታንያ ዘመን የመምረጥ መብት በንብረትና በትምህርት የተወሰነ ስለ ነበር፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ የመረጠበት የጠቅላይ ግዛቱ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነበር። ምክር ቤቱ 309 ወንበሮች ነበሩት። መራጩ በሃይማኖቱ ተለይቶ ይመርጥ ስለ ነበር 237ቱ ለሙስሊሞች፣ 72ቱ ለሂንዱዎች፣ ለቡድሂስቶችና ለክርስቲያኖች የተመደቡ ነበሩ። ከጠቅላላው 12ቱ ወንበሮች ለሴቶች ተለይተዋል። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ብዙ ስለ ነበር ፓርቲዎቹ በምልክት ይታወቁ ነበር። የኅብረት ግንባሩ ምልክት ጀልባ፣ የሙስሊም ሊግ ምልክት ፋኖስ ነበር። ወንዝ በሞላበት አገር ለሚኖር ገበሬ ጀልባ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ውጤቱ በብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። ለሙስሊሞች ከተመደቡት 237 ወንበሮች ውስጥ ግንባሩ 223 ያህሉን ያዘ። የሊጉ ድርሻ ከ10 አላለፈም። ዋና ሚኒስትሩ ኑሩል አሚን ራሳቸው በናንዳይል ምርጫ ክልል ከተማሪዎች እንቅስቃሴ በወጣ አንድ ወጣት ተሸነፉ።

ይህን ውጤት ስናይ ግን ሁለት ነገሮችን ልንዘነጋ አይገባም። አንደኛው፣ ለመምረጥ ከተመዘገቡት መካከል ድምፅ የሰጡት ከመቶ 37 ያህል ብቻ መሆናቸው ነው። የመንገድ ችግርና የሴቶች ከቤት አለመውጣት ልማድ ለዚህ ምክንያት እንደ ነበሩ ይገመታል። ሁለተኛው፣ በእያንዳንዱ ክልል ብልጫ ያገኘው ብቻ የሚመረጥበት ሥርዓት የአሸናፊውን ወንበር ካገኘው ድምፅ በላይ ያበዛል። ስለዚህ ሊጉ በሕዝብ መካከል የነበሩት ደጋፊዎች በምክር ቤት ካሉት ወንበሮች ይልቅ ብዙ ነበሩ። ይህ ሁሉ ታስቦም ቢሆን የፍርዱ አቅጣጫ አያጠራጥርም። ሊጉ ራሱ ባዘጋጀው ምርጫ፣ መንግሥቱን በእጁ ይዞ ሳለ፣ በግልጽ ተሸነፈ። የጠቅላይ ግዛቱን ሥልጣንም አስረከበ። እስከዚህ ድረስ የምርጫው የመጀመሪያ ክፍል በሚገባ ተፈጽሟል።

የሁለት ወር መንግሥት

ፈዝሉል ሐቅ ኤፕሪል 3 ቀን 1954 ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ነገር ግን የምርጫው ውጤት የጠቅላይ ግዛቱን መንግሥት ብቻ የሚነካ አልነበረም። በካራቺ የነበረው ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ የአገሩ ምክር ቤት ሆኖም ይሠራ ነበር። ከአባሎቹም 44ቱ የምሥራቅ ቤንጋል ወንበሮች ነበሩ። እነዚህን እንደራሴዎች የመረጣቸው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን የቀድሞው የጠቅላይ ግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ያ ምክር ቤት በአዲስ ከተተካ እነርሱ የማን እንደራሴዎች ናቸው? የኅብረት ግንባሩ ጉባኤው እንዲፈርስ ጠየቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መሐመድ ዓሊ ቦግራ የአንድ ጠቅላይ ግዛት ምርጫ ማዕከላዊውን መንግሥት አይመለከትም ብለው ጥያቄውን አልተቀበሉም። እንግዲህ የዳካ የምርጫ ሳጥን በካራቺ ያሉትን ሰዎች ወንበር መነቅነቁን እነርሱም በሚገባ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

በዚህ መካከል ሌላ ነገር ተጨመረ። ሜይ 15 ቀን የሚኒስትሮቹ ጉባኤ ሰፍቶ አዳዲሶቹ ሚኒስትሮች ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ በዚያው ቀን በናራያንጋንጅ በሚገኘው የአደምጂ የጁት ፋብሪካ በቤንጋል ተወላጆችና ከሌላ አገር በመጡ ሠራተኞች መካከል ጠብ ተነሥቶ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ዋና ሚኒስትሩ ወደ ካልካታ ሄደው ስለ ሁለቱ ቤንጋሎች ወንድማማችነት የተናገሩትም ነገር በካራቺ እንደ ክህደት ተቆጠረ። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ደግሞ ሐቅ ለጠቅላይ ግዛታቸው ነፃነት ይሻሉ ብሎ ጻፈ። እርሳቸውም እንዲህ አላልኩም ብለው ካዱ።

ሜይ 30 ቀን 1954 ጠቅላይ ገዥው ጉላም መሐመድ የሐቅን መንግሥት ሻሩ። ኢስካንደር ሚርዛ አገረ ገዥ ሆነው ተላኩ። ሐቅ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደረጉ። ከሚኒስትሮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው ሼኽ ሙጂቡር ራሕማንም ታሰረ። ሕዝብ የመረጠው መንግሥት ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። አዲሱ ምክር ቤት አንድ ቀን ለሥራ ሳይሰበሰብ፣ መንግሥቱን ደግፎም ሆነ ነቅፎ ድምፁን ሳይሰጥ ነገሩ አለቀ።

ሕጋዊነትና ተገቢነት

እዚህ ላይ ለማዕከላዊው መንግሥት የሚሟገት ሰው የሚያቀርበውን ክርክር ባለማለፍ እንመርምረው። የመጀመሪያው፣ እርምጃው ሕጋዊ ነበር የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከብሪታንያ በተወረሰው የ1935 የሕንድ አስተዳደር ሕግ ላይ በ1948 የተጨመረው አንቀጽ 92ሀ ለጠቅላይ ገዥው ይህን ሥልጣን ይሰጠው ነበር። በ1949ም በፑንጃብ ተሠርቶበታል። ነገር ግን አንቀጹ የተወረሰው ቅኝ ገዥ ተገዢውን ይዞ ለማስተዳደር ካወጣው ሕግ መንፈስ ነው። ሕጋዊ የሆነ ሁሉ ተገቢ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሕዝቡ ድምፁን ከሰጠ በኋላ የባዕድ ገዥን መሣሪያ በገዛ ሕዝብ ላይ ማንሣት፣ ነፃነት የተባለው ነገር ምን ለወጠ? ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰላም ደፍርሶ ነበር የሚል ነው። የአደምጂው እልቂት እውነተኛና አሳዛኝ ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሰላም ማስከበር ያልቻለ መንግሥት መጠየቅ አለበት። ጠያቂው ግን ማን ነው? በምክር ቤት ሥርዓት መንግሥትን የሚጠይቀውና እምነቱን የሚነሣው ምክር ቤቱ ነው። ይህ ምክር ቤት ግን አልተጠራም። በእርሱ ፈንታ የጠየቀውም የፈረደውም፣ በምርጫው ፓርቲው የተሸነፈበት ማዕከላዊ መንግሥት ነበር። ተከራካሪው ዳኛ ሲሆን ፍርዱ ትክክል እንኳ ቢሆን የሚያምነው አይገኝም።

ሦስተኛው፣ የኅብረት ግንባሩ ራሱ ጽኑ አልነበረም የሚል ነው። በዚህ በኩል ያለውን እውነት አንሸሽግም። ፓርቲዎቹን ያስተሳሰራቸው ከፍቅር ይልቅ ሊጉን መጥላት ነበርና፣ በ1955 አዋሚ ሊግና የሐቅ ፓርቲ ተለያዩ። የጠቅላይ ግዛቱ የራስ አስተዳደር በዚያው ዓመት በጁን ከተመለሰ በኋላም መንግሥታት እየወደቁ ሌሎች ይተኩ ነበር። በሴፕቴምበር 1958 በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በተነሣ ረብሻ ምክትል አፈ ጉባኤው ሻሂድ ዓሊ ተመትተው ሞቱ። በሚቀጥለው ወር ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ይህን እንደ ማስረጃ ጠቅሰውታል። ይሁን እንጂ ምክር ቤት በሥራ የሚለመድ ነገር ነው። ይህ ምክር ቤት የመጀመሪያውን ዓመቱን በተዘጋ በር አሳለፈ። መናገርንና መታገሥን መማር በነበረበት ጊዜ የተማረው ሥልጣን ከካራቺ በሚመጣ ትእዛዝ እንደሚሰጥና እንደሚነሣ ነው። ለጥፋቱ ግንባሩ የየራሱን ድርሻ ይውሰድ፤ የቀረውን ድርሻ ግን በሩን የዘጋው ሊሸከም ይገባል።

የተከተለው ነገር

አንድ ጊዜ የተደፈረ ደንብ ሁለተኛ ለመድፈር አይከብድም። ጉላም መሐመድ በኦክቶበር 24 ቀን 1954 ራሱን ሕገ መንግሥት አርቃቂውን ጉባኤ በተኑት። የጉባኤው ፕሬዚዳንት ተሚዙዲን ኻን ተቃውመው በሲንድ ፍርድ ቤት ቢረቱም የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ1955 ፍርዱን ሻረው። በሜይ የጠቅላይ ግዛት መንግሥት ሲሻር ዝም ያለው ጉባኤ በኦክቶበር ተራው የራሱ ሆነ።

ሆኖም የ1954 ድምፅ ጨርሶ አልጠፋም። በ1955 አዲስ አርቃቂ ጉባኤ በጠቅላይ ግዛቶች ምክር ቤቶች ሲመረጥ የምሥራቅ ቤንጋል ወንበሮች ለአዲሶቹ ፓርቲዎች ደረሱ። የ1956 ሕገ መንግሥትም ኡርዱንና ቤንጋሊኛን እኩል የመንግሥት ቋንቋዎች አደረገ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይደረግ የነበረው አጠቃላይ ምርጫ ግን በኦክቶበር 1958 በታወጀው ወታደራዊ አገዛዝ ምክንያት ቀረ።

አገሩ በሙሉ ለአካለ መጠን በደረሰ ሰው ሁሉ ድምፅ የመረጠው በዲሴምበር 1970 ነበር። አዋሚ ሊግ ያንኑ የጀልባ ምልክት ይዞ፣ በ1954 በታሰረው በሙጂቡር ራሕማን እየተመራ፣ ለምሥራቁ ከተመደቡት 162 የአጠቃላይ ምርጫ ወንበሮች 160ውን አሸነፈ። በካራቺ ፈንታ መቀመጫው ኢስላማባድ የሆነው መንግሥት አሁንም ለድምፁ መታዘዝን ዘገየ። ጄኔራል ያሕያ ኻን ማርች 1 ቀን 1971 የጉባኤውን መክፈቻ አራዘሙ። ማርች 25 ሌሊት ሠራዊቱ በዳካ ላይ ዘመተ። በዲሴምበር 16 ቀን 1971 ጦርነቱ ሲያበቃ ፓኪስታን ለሁለት ተከፍላ ባንግላዴሽ ነፃ አገር ሆና ነበር። በ1954 ቤንጋላውያን በፓኪስታን ውስጥ ሰፊ የራስ አስተዳደር ጠይቀው ነበር። ያን ጊዜ ቢሰጣቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብለን አንምልም፤ በመካከሉ ብዙ ሌላ ምክንያት አለና። ነገር ግን በምርጫ ሳጥን የሚጠየቀው ነገር በምርጫ ሳጥን መልስ እንደማያገኝ ለአንድ ትውልድ ማስተማር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

ጽሑፋችንን ከመዝጋታችን በፊት አንድ ሰው እናስታውስ። በ1954 በወጣት ተሸንፈው ሥልጣናቸውን ያጡት ኑሩል አሚን በ1970 ዳግመኛ ለምርጫ ቀረቡ። አዋሚ ሊግ ሁሉንም ጠራርጎ በወሰደበት በዚያ ምርጫ ከእርሱ ውጭ ካሸነፉት ሁለት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በ1971ም መጨረሻ ለጥቂት ቀናት የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እንግዲህ በምርጫ መሸነፍ ሞት አይደለም፤ የተሸነፈ ሰው ጊዜ ጠብቆ በዚያው በር ሊመለስ ይችላል። ይህን ያልተረዱት በካራቺ የነበሩት ሰዎች ሽንፈትን እንደ ሞት ቆጥረው በሩን ዘጉት። በሩ የተዘጋው ግን ለአሸናፊው ብቻ ሳይሆን ለተሸናፊውም ነበር። ስለዚህ የምርጫ ተማሪ የሆነ ሁሉ የአንድን አገር ሥርዓት ሲመዝን፣ ድምፁ ስንት ሆነ ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ በማግሥቱስ ማን ታዘዘለት? ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል እንላለን።